ሳይሞቅ ያዙት

አሮጌ የናፍጣ መኪና ለማየት ቀጠሮ ስትይዙ የዋጋውን ነገር ለጊዜው ተዉትና ሰዓቱን አጥብቃችሁ ያዙ። ሻጩን «ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ እስክመጣ ድረስ እባክህ ሞተሩን እንዳታስነሣው» በሉት። ደላላው ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ። ከዚህ በታች የማጫውታችሁ ነገር ግማሹ የቆመው በዚህች አንዲት ልመና ላይ ነው።

ምክንያቱ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ታገሡኝና ከሥሩ ላስረዳችሁ። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭርለት ካንዴላ አለው። የናፍጣ ሞተር ይህ የለውም። ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን አየር ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ ይጨምቀዋል፤ አየር ደግሞ ሲጨመቅ ይግላል። ኳስ ስትነፉ የፓምፑ ጫፍ ይሞቅ የለ? ነገሩ እሱው ነው፤ ብቻ መጠኑ አይገናኝም። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ያጠብበዋል፤ የአየሩ ሙቀትም ከ500 ዲግሪ ያልፋል። ልክ በዚያች ቅጽበት ናፍጣው በኖዝሉ በኩል ብናኝ ሆኖ ይረጫል፤ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ አስቡት። የፒስቶኑ ፋሻ ካለቀ ወይም ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል። ግፊቱ ሲወርድ ሙቀቱም አብሮት ይወርዳል። ሞተሩ አስቀድሞ የሞቀ ከሆነ የብረቱ ሙቀት ጉድለቱን ያሟላለትና ቁልፉ ገና ሲነካ ይነሣል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጠዋት፣ የአዲስ አበባ ብርድ ገና ሳይለቅ ግን የሚሸፍንለት የለም። አንዳንድ ሻጭ ገዢ ሊመጣ ሲል መኪናውን «ትንሽ ዞር ዞር» የሚያደርገው ለደግ አይደለም።

ዓይን የምንጥልበት መኪና ይኑረን፤ ሃይሉክስ ፒክአፕ ይሁን፣ በፈረንጅ 2000 አካባቢ የተሠራ፣ 5ኤል ሞተር ያለው። 2,986 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ የናፍጣ መርጫ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር በሜካኒካል መንገድ ብቻ የሚሠራ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተባለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ናፍጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይኖራል፤ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት መኪና በሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል። በዚህ ዋጋ አንድ ጠዋት ብርድ መመታት አይበዛም።

ደረሳችሁ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ኮፈኑን አስከፍቱና መዳፋችሁን ቴስታታው ላይ፣ ቀጥሎም ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው ወፍራም ጎማ፣ በማኒኮቶው ላይ አሳርፉ። መቀዝቀዝ አለበት። ለብ ካለ «ወንድሜ፣ ዛሬ አልሆነም፤ ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ በሰላም ሂዱ። «ባትሪው ደክሞ ስለነበር ነው ያስነሣሁት» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እሱም ቢሆን መረጃ ነው። ናፍጣ ለመነሣት ጠንካራ ባትሪና ጤነኛ ሞተሪኖ ይፈልጋል፤ የደከመ ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ለረጅም ሰዓት በከንቱ ከተሽከረከረ ሞተር ጋር አብሮ የሚገኝ ነገር ነው።

ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር እኔን አይማርከኝም። አቧራ የለበሰ ሞተር ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ ራሱ ይጠቁማል፤ አቧራው ዘይቱን ጠጥቶ እዚያው ይጠቁራል። የታጠበው ላይ ይህን ማስረጃ ውሃ ወስዶታል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ትችላላችሁ። ሲሞቅ ግን በፍጹም፤ በእንፋሎት ፊቱን የተላጠ ሰው አይጠፋም። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት አለ? ዝገት አደፍርሶታል? የክዳኑን ላስቲክና ስፕሪንግም ተመልከቱ፤ ለዚህ ወደ በኋላ የምነግራችሁ ምክንያት አለኝ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዙ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ ጥላሸት ስለሚገባበት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። እንዲያውም ጠርቶ የሚታይ ዘይት ትናንት ለእናንተ ሲባል የተቀየረ ነው። መፍራት ያለባችሁ ነጣ ያለና አረፋ የያዘ ዘይት ስታዩ ነው። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያ መኪና የሚያስወጣችሁን ገንዘብ ገና አላወቃችሁም።

አሁን ቁልፉን አዙሩ፤ ግን አታስነሡት። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት፣ የባትሪ፣ የማሞቂያ ካንዴላ (እሳት የማይጭር፣ ሲሊንደሩን ለማስነሣት ብቻ የሚያሞቅ) እና «ቲ-ቤልት» የሚሉት መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው። አንዱ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ሆን ተብሎ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። የዘይት መብራቱ የማይበራ መኪና ላይ ዘይቱ ሲያልቅ የሚነግራችሁ አይኖርም። ይህ ምርመራ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሚያደርገው ገዢ ግን እምብዛም አይታይም።

የማሞቂያው ምልክት ሲጠፋ አስነሡ። እናንተ ወንበሩ ላይ ከሆናችሁ አንድ ጓደኛ ከኋላ፣ ከጭስ ማውጫው ዘወር ብሎ ይቁም። ጤነኛ ሞተር በአንድ ወይም በሁለት ሙከራ ይነሣል፤ ትንሽ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ያንቋርራል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይረጋል። ያ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። እየቀጠለ ከሄደና ሞተሩ እየተንገጫገጨ አንዱ ሲሊንደር ሥራ የጀመረ የማይመስል ከሆነ ችግሩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላው ተቃጥሏል፣ ኖዝሉ ናፍጣውን አያደቅም፣ ወይም ግፊቱ ራሱ ሞቷል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ሦስተኛው ሞተር ማውረድ ነው። ዓይን የማይቆጠቁጥ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ከሆነ ደግሞ ከራዲያተሩ የሚወጣ ውሃ እየተቃጠለ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። በደንብ ካልለያችሁት ነጭ ሶፍት ጭስ ማውጫው አጠገብ ጥቂት ያዙ፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ናፍጣ ነው፣ የረጠበ ነጠብጣብ ከሆነ ዘይት ነው።

ጥቁሩ ላይ ግን ቸኩላችሁ አትፍረዱ። የጥቁር ጭስ ትርጉም «ናፍጣው በዝቷል፣ አየሩ አንሷል» ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከጅቡቲ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳበው ትንፋሽ ሁሉ አነስተኛ ኦክስጅን ያገኛል፤ ፖምፓው ግን ለባሕር ጠረፍ በተለካው መጠን ናፍጣውን ይረጫል፤ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጥቂት ማጨስ ስለዚህ የአገራችን ከፍታ ያመጣው ነው ብላችሁ እለፉት። ሜዳ ላይ ቆሞ ሁሉ የሚያጠቁር ከሆነ ግን የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ኖዝሎቹ ያንጠባጥባሉ፣ ወይም ደግሞ አንድ መካኒክ «ጉልበት ላስጨምርልህ» ብሎ የፖምፓዋን ቡሎን አዙሯል። ይሄኛው የተለመደ ነው። ፖምፓው ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም ተሰብሮ ከሆነ መቼና ለምን እንደተነካ ጠይቁ።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ የምወደውን ሙከራ ላሳያችሁ። ከቴስታታው ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። በጤነኛ ሞተር ላይ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ባለበት ይቆያል። ፋሻው ካለቀ ግን የሚቃጠለው ጋዝ በፒስቶኑ ዙሪያ ወደ ታች እያመለጠ የዘይቱን ክፍል ይሞላዋል፤ ክዳኑ ይዘላል፤ ሥሩ ጭስ በምት በምት እየተፋ ይወጣል፤ መዳፋችሁን ብትይዙበት ሞቃትና ዘይት ያለው እፍታ ይመታችኋል። ሻጩ «ይሄ ሁሉም ናፍጣ ላይ አለ» ይላል። ትንሹ እውነት ነው፤ ክዳኑን አውጥቶ የሚጥለው ግን ሞተሩ ዕድሜውን እንደጨረሰ ነው የሚናገረው። «ሞተሯ አልተፈታችም» የሚለው ማስታወቂያ ራሱ እኮ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም፤ መፈታት ኖሮባት ያልተፈታች ልትሆን ትችላለች።

አብሯችሁ መካኒክ ካለ፣ እባካችሁ ይኑር፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ይሁን። እሱ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች በየተራ ላላ እያደረገ ሞተሩን ያዳምጣል። ጤነኛ ሲሊንደር ናፍጣው ሲቋረጥበት ሞተሩ ይንገዳገዳል። ሲላላ ምንም የማይለወጥ ከተገኘ ያ ሲሊንደር ድሮውኑም አይሠራም ነበር። ሲላላ ክፉኛ የሚንኳኳው ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ እሱ ይጠገናል። እናንተ ግን በእጃችሁ አትሞክሩት፤ በዚያ ግፊት የሚፈናጠቅ ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አዲሶቹ «ዲ-ፎር-ዲ» ሞተሮች ላይማ መካኒኩም እንዳይነካው፤ ግፊታቸው እጅግ ብዙ እጥፍ ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ ኮምፕረሽን ማስለካት አለ። ለቤንዚን የሚሆነው መለኪያ ለናፍጣ አይበቃም፤ አዲስ 5ኤል ባሕር ጠረፍ ላይ ወደ 30 ባር ይሰጣል፤ በእኛ ከፍታ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ አራቱ እርስ በእርስ መቀራረባቸውን ተመልከቱ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በ5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምርመራው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማኒኮቶው ተመለሱ። ሞተሩ ከተነሣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሆኖት፣ ገና ሳይሞቅ፣ ጨመቅ አድርጉት። ለስላሳ መሆን አለበት። ውሃው ሳይሞቅ ጎማው ድንጋይ ከሆነ ግፊቱ የመጣው ከሲሊንደሩ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነድዷል፣ አለዚያም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። በዚህ በሽታ የሚታወቁ ሞተሮች አሉ። በድሮዎቹ ፕራዶና ሰርፍ ላይ የሚገኘው ቱርቦ ያለው 1ኬዜድ እና ከእሱ በፊት የነበረው 2ኤል-ቲ አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቁ ቴስታታቸው ይሰነጠቃል። እነሱን ስታዩ ይህን ምርመራ ሁለት ጊዜ አድርጉ። በአንጻሩ 4,164 ሲሲ ያለው የላንድክሩዘሩ ባለስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ዘገምተኛ ነው፣ ናፍጣም ይወዳል፣ ግን ይህን ያህል አይሰቃይም፤ እኔ ብሆን ፍጥነቱን ትቼ እሱን እመርጣለሁ።

ከዚያ መንገድ። መኪናው የአዲስ አበባ ከሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ፤ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ርገጡ። ሞተሩ እያጓራ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፤ የቶዮታ መርፌ ግን ለረጅም ጊዜ መሃል ላይ ተገትሮ ይቆያል፤ ከመሃል መነቃነቅ ከጀመረ ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል። የራዲያተር ክዳኑን ነገር አሁን አስታውሱ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ላይ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ነው። የላላ ክዳን የያዘ መኪና ናዝሬት ላይ ምንም ሳይሆን እንጦጦ ላይ ሊያፈላ ይችላል። ከዋና ጥፋት በፊት ርካሽ ዕቃ መጠርጠር አንዳንዴ ያዋጣል።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ማርሹ በራሱ ከተነቀለ ካምቢዮው ጥገና ይፈልጋል ማለት ነው። ፍሬኑንም እዚሁ ፈትኑት። የናፍጣ ሞተር የቤንዚኑ ዓይነት ፍሬን የሚያግዝ የአየር መሳብ ስለሌለው 5ኤል ላይ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ይህን ሥራ ትሠራለች። እሷ ስትደክም ፔዳሉ ይደርቃል፤ ዲናሞው ሥርም ዘይት ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው የፍሬን ሸራ እየቀያየረ የሚሠቃየው ይህችን ሳያይ ነው።

ስትመለሱ ሞተሩን አታጥፉት። አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ይሥራ፣ እናንተ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ድንገት ርገጡት፤ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎማዎቹ ዘይት ያሳልፋሉ። ዝቅ ብሎ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ብሮንዚኖቹ አልቀዋል፤ እዚያ ላይ እኔ ሻዩን ከፍዬ እሄዳለሁ።

የሻንሲውና የቦዲው ነገር ሌላ ቀን የሚያስወራ ነው፤ ጥቂቱን ልበል። ፒክአፕ ጭነት ስለሚበዛበት የኋላው ባሌስትራ በታሰረበት አካባቢ ሻንሲው ይሰነጠቃል፤ ብየዳ ፈልጉ፤ በአዲስ ጥቁር ቀለም የተሸፈነን ቦታ በተለይ። ማግኔት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስቱኮ የተለቀለቀበት ላይ አይጣበቅም። ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፤ የፔዳሎቹን ጎማና የወንበሩን ጠርዝ እዩ፤ 120 ሺህ የሚል መኪና ፍሬን ፔዳሉ ብረቱ ታይቶ ከሆነ ቁጥሩ ተነክቷል። የደኅንነት ቀበቶዎቹን ልሳን ሥር ገልብጡ፤ የተሠሩበት ዘመን የተጻፈበት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ቀበቶው ካልተቀየረ መኪናው ከእሱ በዓመታት ሊያንስ አይችልም። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ወደ ተሳሳተ ጎን የሚጠርጉ ከሆነ ደግሞ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ነው፤ ይህ ብቻውን ጥፋት ባይሆንም ከዋጋው የሚቀነስ ነገር ነው።

ከሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ ከፊት ጎማው አጠገብ ነው፣ ራሳችሁ በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ የሞተሩንም ቁጥር እንዲሁ። ሞተር የተቀየረለት መኪና ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ለቦሎ ስትሄዱ ይይዛችኋል። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ሰሌዳውን ከሰጠው ቢሮ አጣሩ። በውክልና ላይ ውክልና ተደራርቦ የመጣ መኪና ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ቀብድም አትስጡ።

ሁሉ ደህና ሆኖ ከገዛችሁት የመጀመሪያው ወጪ የታይሚንግ ቺንጋው ይሁን። 5ኤል ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ «ቲ-ቤልት» የሚለው መብራት የሚበራውም ለዚህ ነው። ሻጩ «አስቀይሬዋለሁ» ቢል ደረሰኝ ከሌለው አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት፤ መብራቱን ማጥፋት ቺንጋውን ከመቀየር እጅግ ይቀላልና። መንገድ ላይ ቢበጠስ ፒስቶኖቹ ቫልቮቹን መትተው ያጣምማሉ፤ ያን ሁሉ ጠዋት በብርድ የመረመራችሁት ቴስታታ በአንድ ቅጽበት ይወርዳል። ዋጋውን ከወዲሁ ጋራዥ ጠይቃችሁ፣ ከነመወጠሪያው ኩሽኔታ ደምራችሁ፣ ክፍያው ላይ ከመፈራረማችሁ በፊት አስቀንሱ።